ጓንዡ ላይ ስሜን ሳስተካክል

ከቦሌ ወደ ቻይናዋ ጓንዡ ቀጥታ በረራ ነው። አስር ሰዓት ከምናምን ይፈጃል፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሙሉውን አንኮራፋው። ስለ በረራው ሌላ የምለው የለኝም።

መርካቶ ውስጥ የስልክ ዕቃ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ቻርጀር፣ ኬብል፣ ስክሪን፣ ከቨር። ለዓመታት ከአስመጪ ላይ እየተረከብኩ ስሸጥ ቆይቼ፣ እስቲ ምንጩን በዓይኔ ልየው ብዬ ነው የሄድኩት።

ስልኬን ስከፍት ጎግል የለም። ዋትስአፕ የለም፣ ዩቲዩብም የለም። እንደሚዘጋማ አውቃለሁ፤ ቪፒኤን ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። በእኛ 2015 ማኅበራዊ ሚዲያው ለወራት ተዘግቶ ሲከርም እናቴ ሳትቀር ትጠቀምበት ነበር። የረሳሁት ግን አገር ቤት እያለሁ መጫኑን ነው። እዚያ ከደረስክ በኋላ ቪፒኤን የምታወርድበት ፕሌይ ስቶር ራሱ ዝግ ነው። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን መዝጋት ማለት ይኸው ነው። የሚገርመው፣ የአገር ቤቱን ሲም በሮሚንግ ስከፍተው ሁሉም ነገር ሠራ፤ ዳታው ዞሮ የሚወጣው በአገር ቤት መስመር ስለሆነ ነው። ዋጋው ግን አይነሳ። ለእናቴ «ደርሻለሁ» ብዬ ጽፌ ወዲያው አጠፋሁት።

የአገሩን ሲም ለመግዛት ፓስፖርት ብቻ አይበቃም፤ ፊትህንም ይፈልጉታል። በፈረንጆቹ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ሲም የሚያወጣ ሰው ሁሉ ፊቱ ይቀረጻል። ቀና በል፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ግለጥ። ደህና፣ ይሁን።

ያናደደኝ አሊፔይ የሚባለው የስልክ መክፈያ መተግበሪያ ነው። ከባንክ የወሰድኩትን የዶላር ካርድ ሳስገባ ስሙ አይመሳሰልም አለኝ። ፓስፖርቴ ላይ የአባቴና የአያቴ ስም አንድ ላይ ተጽፏል፣ ካርዱ ላይ ግን አያቴ የሉም። የትኛው ነው የቤተሰብ ስሜ? እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ ለስልክ እንዴት ይብራራል! ሦስቴ ሞከርኩ። በአራተኛው ነገ ሞክር ብሎ ዘጋብኝ።

እየራበኝ ወጣሁ። በእንፋሎት የበሰለ፣ ውስጡ ሥጋ ያለበት ዳቦ የምትሸጥ ሴትዮ አገኘሁና የመቶ ኖት ዘረጋሁላት። እጇን አራገበች፤ ዝርዝር የላትም። እምቢ ማለቷ አይደለም፣ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ቢል እዚያም ያስቀጣዋል። ግን ከመቶ አርኤምቢ (የቻይና ብር) ላይ 94 መልስ ማን ይይዛል? ከአንገቷ የተንጠለጠለውን ኪውአር ኮድ አሳየችኝ። እኔም ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ከኋላዬ የቆመች፣ ቦርሳ ያዘለች ተማሪ ስልኳን ዘረጋችና ቢፕ አደረገችው። ስድስት አርኤምቢ። መቶውን ልሰጣት ስታገል ሳቀችና ሄደች። አገር ቤት ቢሆን «ኧረ በሞቴ» እየተባባልን ግማሽ ሰዓት እንገፋፋ ነበር።

ማታ ሻውቤይ ወረድኩ። አፍሪካዊው ነጋዴ የሚበዛበት ሰፈር ነው፣ የካርጎ ቢሮው ብዛት ጉድ ነው። እዚያ ብዙ ዓመት የኖረ አንድ የአገሬ ልጅ ስልኬን ተቀብሎኝ ፓስፖርቴን ገለጠ። ከፎቶው በታች ያለችውን፣ ቀስት በሞላባት መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ወንድሜ፣ እዚህ አገር አንተ ማለት ይቺ መስመር ነህ። እንዳለች ገልብጣት።» ገለበጥኳት። በደቂቃ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሜትሮው፣ ሻዩ፣ የኪራይ ብስክሌቱ፣ ሁሉም በአንድ ቢፕ። በውጭ ካርድ ስትከፍል አንዱ ክፍያ ከ200 አርኤምቢ ካለፈ 3 በመቶ ይቆርጣል። ስለዚህ ሻጩን ለምኜ ሒሳቡን 190፣ 190 እያደረግኩ ከፈልኩ። የመርካቶ ልጅ አይደለሁ!

ወደ ሼንዘን በፈጣን ባቡር ሄድኩ፣ 75 አርኤምቢ ገደማ። የያዝኩት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ደረስን።

ሼንዘን መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። አውቶቡሶቹ በፈረንጆቹ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በሙሉ ኤሌክትሪክ ናቸው፣ ከ16 ሺህ በላይ። የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ ቢዋይዲም መቀመጫው እዚሁ ከተማ ነው። እኛም የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከልክለናል፤ እኔ ግን ጆሮዬ የለመደው የታክሲ ረዳት ጩኸት ስለሆነ ጸጥታው ትንሽ ጨነቀኝ።

በመተግበሪያ የያዝኩት ሆቴል የደረስኩት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ ፓስፖርቴን አገላበጠች፣ ኮምፒውተሩን ነካካች፣ ስልኳን ወደ እኔ አዞረች፦ «የውጭ ዜጋ ማስመዝገብ አንችልም።» ሆቴል የውጭ እንግዳ ሲያሳድር ለፖሊስ ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ ያ ሆቴል ደግሞ አሠራሩን አያውቅበትም፣ ወይ አልፈለገም። መንግሥት በ2024 በዚህ ሰበብ እንግዳ አትመልሱ ብሎ አዟል። ትእዛዙ እዚያች ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም ነበር። ዝናብ ጀመረ። ሁለተኛውም መለሰኝ። ሦስተኛው ተቀበለኝ፣ በ380 አርኤምቢ፣ መስኮት በሌለው ክፍል።

ወደዚያ የሄድኩት በዲዲ ነው፤ ዲዲ ማለት የእነሱ ራይድ ነው። በ2021 ኒውዮርክ ላይ አክሲዮን በሸጠ በቀናት ውስጥ ከመተግበሪያ መደብሮች እንዲነሳ ተደርጎ ነበር። በዓመቱ ከ8 ቢሊዮን አርኤምቢ በላይ ተቀጣ። ጥፋቱ የሰው መረጃ ያለ አግባብ መሰብሰብ ነው አሉ፣ ፊትን ጨምሮ። እኔ በሁለት ቀን ፊቴን ለስንቱ እንደሰጠሁ ቆጠርኩና በጨለማው ብቻዬን ሳቅኩ።

በማግስቱ ኋቻንግቤይ፣ የኤሌክትሮኒክስ ገበያው። ስለዚህ ሰፈር ብዙ ሰምቻለሁ፤ የሰማሁት ትንሽ ነው። ሴግ ፕላዛ የሚባለው ባለ 70 ምናምን ፎቅ (በ2021 ያለ መሬት መንቀጥቀጥ ተወዛውዞ ሰው የሸሸበት) ከታች ያሉት ወለሎች በጠረጴዛ የተሞሉ ናቸው። አንዱ ጠረጴዛ ቺፕ ብቻ፣ አንዱ የካሜራ ሌንስ ብቻ፣ አንዷ ሴትዮ ከጠጠር ያነሱ ብሎኖች ብቻ። ልጇ ከጠረጴዛው ሥር የቤት ሥራውን ይሠራል። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ካርቶን ሲታሸግ የፕላስተር ድምፅ ነው፣ ክርርር፣ ቀኑን ሙሉ። ቋንቋው ካልኩሌተር ነው። እሱ 18 ይጽፋል፣ እኔ 8፣ እሱ ራሱን ይይዛል። ቻርጀሩን በ11 ጨርሼ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ቀጣዩ ሕንፃ ውስጥ ያው ዕቃ በ7 ተሰቅሏል። መርካቶ ላይ ስንቱን እንዲህ እንዳደረግኩት ትዝ አለኝ፣ ዝም አልኩ።

የቴክኖ ስክሪን ስጠይቅ አብዛኞቹ ሻጮች ግራ ገባቸው። የቴክኖና የአይቴል እናት ድርጅት ትራንሽን እዚያው ሼንዘን ነው ያለው፣ አዲስ አበባም መገጣጠሚያ አለው፤ ቻይና ውስጥ ግን ስልኩን የሚይዘው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ለአፍሪካ ብቻ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ አገኘሁ። የእኔን ስልክ ተቀብሎ የአማርኛውን ኪቦርድ ለጎረቤቱ እያሳየ ሳቀ።

ከተመለስኩ ሳምንት ሳይሞላኝ የአጎቴ ልጅ መጣ። በሚቀጥለው ወር ሊሄድ ነው። ያቺን መቶ አርኤምቢ ስጠኝ አለ። «እሷን ተዋት፣ ፓስፖርትህን አምጣ» አልኩት። ገለጥነው። ከታች ባለችው መስመር የአያቱ ስም ግማሽ ላይ ተቆርጧል።