ውሃ ልክ

አምስት ደረጃ ነበር። ከቤቱ በር ወደ አትክልቱ የሚወርድ፣ በአሸዋ ድንጋይ የተሠራ። እያንዳንዷን ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል አድርጌ ነው የጣልኳት፤ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል። ዓይን አያየውም። ውሃ ግን ያውቀዋል።

አለቃችን የራሱን ውሃ ልክ፣ ድንጋይ መዘንበሉን በውስጡ ባለችው አረፋ የሚያይበትን መሣሪያ፣ ከመኪናው አውጥቶ መጣ። የሰው አያምንም። የመጀመሪያዋ ደረጃ ላይ ሲያስቀምጠው አረፋዋ ወደ ቤቱ በኩል ሸሸች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስሎፕ ነው አለቃ። ውሃ እንዳይቆምበት።»

«ደረጃ ነው ወይስ ጣሪያ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ እስካሁን አይገባኝም። መልስ ነበረኝ እኮ! ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ያብጣል። አሸዋ ድንጋይ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ቀን የጠጣው ማታ ሆዱ ውስጥ ይረጋል፣ ጠዋት ይቀልጣል፣ ማታ እንደገና ይረጋል። ድንጋዩን የሚጨርሰው ይሄ መመላለስ ነው። ይህን ሁሉ ማስረዳት ስችል «እሺ አለቃ» አልኩ። «ዝናቡ ደረጃና ጣሪያ አይለይም» የምትለዋ መልስ የመጣችልኝ ማታ አልጋ ላይ ነው። ምን ያደርጋል!

አፍርሼ ሠራሁ። አረፋዋ መሐል ቁጭ አለች። «አሁን ሰው ሆንክ» አለኝ።

ብርዱ ሲያልፍ ተጠራን። የደረጃዎቹ ገጽ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይነሳል። ጠርዛቸው በእጅ ይፈረፈራል። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል። በሩ ጥግ የጨው ከረጢት ቆሟል። ባለቤቱ ሰው እንዳያንሸራትት ብለው በየጠዋቱ ሲበትኑ ከርመዋል። አልፈርድባቸውም፤ አሸዋ ቢሆን ይሻል ነበር እንጂ። ጨው በረዶውን ያቀልጥና ጨዋማውን ውሃ ድንጋዩ ይጠጣዋል። ሲደርቅ ጨዉ እዚያው ውስጥ ይጠጥርና ድንጋዩን ይገፋዋል። አለቃ ከረጢቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ጥፋተኛ ተገኘ።

ብቻ ሦስተኛዋ ደረጃ ምንም አልሆነችም። ጨው እንደሆነ እሷም ላይ ተበትኗል። አለቃ ቆሞ አያት፤ ከዚያ ውሃ ልኩን አስቀመጠባት። አረፋዋ ወደ ቤቱ ሸሸች።

ዞር ብሎ አየኝ። «ይቺን ሳታስተካክል ነው የተውካት፣ አይደል?»

ዝም አልኩ። እሷንም እንደ እህቶቿ አስተካክያት ነበር። ግን ቅዳሜ ማታ ነው፣ ከሥሯ የሚገባው ጠጠር አልቆብኛል፣ ሁሉም ልብሱን ቀይሮ እኔን ይጠብቃል። የፊት ጠርዟን እርጥብ አፈር ላይ አሳርፌ ሄድኩ። አፈሩ በብርዱ አብጦ፣ ሲቀልጥ ላላና ፊቷ ሰመጠ። ስሎፗን ራሷ አገኘች። በደንብ የሠራኋቸው አራቱ አለቁ፤ ያጭበረበርኩባት አንዷ ተረፈች።

አለቃ ወደ ባለቤቱ ዞረ። «ልጁ ያኔ ነግሮኝ ነበር» አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ! ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ወር ጠብቄያለሁ።

ከዚያ ወደ እኔ። «አራቱን አንሳቸው። ይቺን እንዳትነካት። ሌሎቹንም ልክ እንደሷ አድርገህ ሥራቸው።»

«እሺ አለቃ» አልኩ።