መቅደስ ቡናዋን ሳትጠጣ ቀረች

ሰሞኑን ሰፈር ውስጥ «ሴት ደብቋል» እየተባልኩ ነው። ደብቄ ቢሆን ባልከፋኝ!

ጣጣው የመጣው በብሮውዘር ነው። ክሮም በፈረንጆቹ 2025 ማስታወቂያ የሚያግድልኝን ዩብሎክ ኦሪጅንን ካሰናበተ ወዲህ ማስታወቂያው ፓኬጄን ይግጠው ጀመር። ያልጠየቅኩት የመኪና ቪዲዮ በእኔ ብር ይጫወታል። መኪና የለኝ፣ መንጃ ፈቃድ የለኝ! ጭራሽ ቪዲዮውን ለመዝጋት የምትነካዋ ኤክስ ከጤፍ ታንሳለች።

ስለዚህ አዲስ ብሮውዘር ፍለጋ ወጣሁ። ቪቫልዲን ሞከርኩ፣ ዜንን ሞከርኩ። አትላስ የሚሉት የቻትጂፒቲ ብሮውዘር ሲወጣ ለማክ ብቻ ነበር፤ የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ ማክን የሚያውቀው በፎቶ ነው። መጨረሻ ላይ ኤጅ ላይ አረፍኩ። አዎ፣ ሰው ሁሉ ክሮምን ለማውረድ ብቻ የሚከፍተው ኤጅ። ከ2020 ጀምሮ የክሮምም መሠረት በሆነው በክሮሚየም ስለሚሠራ የክሮም ኤክስቴንሽኖችን፣ ማለትም ብሮውዘር ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞችን፣ ይቀበላል። ከሁሉ በላይ ግን በአማርኛ ጮክ ብሎ ያነባል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩን አንድ ላይ መጫን ነው። ድምፆቹ አምሃና መቅደስ ይባላሉ። መቅደስን መረጥኩ። ማን አይመርጥም?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደሴ ጉም ለብሳለች፣ ጦሳ አይታይም። እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቡና ላይ ናት። እኔ መኝታ ክፍሌ በሬን ዘግቼ ሸሚዝ እየተኮስኩ መቅደስን አስነብባለሁ። ጽሑፉ ስለ ፀጉር መመለጥ ነው። ለጓደኛዬ ነው።

«መላጣነት ከእናት ወገንም ሊወረስ ይችላል» አለች መቅደስ፣ ጥርት ባለ ድምፅዋ።

ሳሎን ውስጥ ጸጥ አለ።

«ከማን ወገን ነው ያለችው?» እናቴ ናት።

«ከእናት ወገን ብላለች። በጆሮዬ ሰማሁ» አለች አንዷ ጎረቤታችን፣ እሳቱን እያራገበች።

ሮጬ ወጣሁ። «እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ነው የሚያነበው!»

«ኮምፒውተር የአባቴን መላጣ ከየት ያውቃል?»

አያቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እውነትም መላጣ ነበር። መልስ አጣሁ። «በሁሉም ድረ ገጽ ላይ ያለህን መረጃ ላንብብ፣ ልቀይር» ላለኝ ኤክስቴንሽን ሁሉ እሺ እያልኩ የጫንኩ ሰው ምን ብዬ ልከራከር?

ሴቶቹ እኔን ትተው በመቅደስ ተጠመዱ። አንዷ «ድምፅዋ የጨዋ ልጅ ነው» አለች። ሌላዋ «ትንፋሽ አትወስድም እንጂ» አለች። የወረኢሉ ልጅ ናት፣ የለም የቦረና ናት ተባለ። እናቴም ቅያሜዋን ዋጠች። እንግዳ እንግዳ ነው። አቦሉን ቀድታ በሬ ሥር አስቀመጠችላት። ቶናውም ተከተለ። በረካውም። ለእኔ ማንም አልቀዳልኝም። የገዛ ቤቴ፣ የገዛ እናቴ!

ሲመረኝ ላፕቶፑን አምጥቼ ሳሎን መሐል ከፈትኩት። መቅደስ ካቆመችበት ቀጠለች፦ «ሕክምናው ፀጉሩ ሳያልቅ ቢጀመር ይመረጣል።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ አናቴ ዞሩ።

«ለጓደኛዬ ነው» አልኩ።

«አብሽር ልጄ» አለችኝ የእሳቷ ጎረቤት፣ «ጥቁር አዝሙድ ዘይት ቀባው።»

በማግስቱ ድምፁን ወደ አምሃ ቀየርኩት። ወንድ ነው፣ ማን ይጠረጥራል? አንድ አንቀጽ ሳይጨርስ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች በሩን በረገደችው።

«ወንድሟ ነው? ታዲያ ምን ታስቆመዋለህ፣ ግባ በለው እንጂ!»