ጭላዳን በፎቶ መለየት

ዛሬ መንዝ ጓሳ ላይ የጭላዳ ፎቶ ስናነሳ ዋልን። ዘዴው ዓሣ ነባሪ የሚያጠኑ ሰዎችም የሚሠሩበት ነው። ማይክል ቢግ በ1970ዎቹ ካናዳ ውስጥ ኦርካ የሚባሉትን ዓሣ ነባሪዎች በጀርባ ክንፋቸው ቅርጽና ከክንፉ ኋላ ባለው ግራጫ ምልክት አንድ በአንድ ለየ። ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ የሚታወቀው በጅራቱ የሥር ገጽ ላይ ባለው ጥቁርና ነጭ ምልክት ነው። ሲል (seal) የሚባለው የባሕር እንስሳ ደግሞ በአንገቱ ዝንጉርጉር ይለያል፤ የግራና የቀኝ ጎኑ ስለማይመሳሰል ሁለቱን ያደባለቀ ሰው አንዱን እንስሳ ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

ጭላዳ ላይ የምንይዘው የደረቱን መላጣ ቅርጽ፣ የጆሮ ቅዳጅና የፊት ጠባሳ ነው። የደረቱን ቅላት አትመኑ፣ ይለዋወጣል። ሣር ሲነጭ አጎንብሶ ደረቱን ስለሚሸፍን ቀና እስኪል ታገሱ። የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ይሁን።

የመንጋውን ብዛት የምንገምትበት ስሌት ቀላል ነው። በመጀመሪያው ዙር 60 ለይተን፣ በሁለተኛው ካየናቸው 50 ውስጥ 20ዎቹ የምናውቃቸው ቢሆኑ፣ 60 በ50 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል 150 ይመጣል። ግን ከ20ዎቹ 5ቱን ሳናውቃቸው ብናልፍ ውጤቱ 200 ይሆናል! የሌሉ 50 ጭላዳዎች መዝገብ ላይ ገቡ ማለት ነው፤ መንጋው እየተመናመነ እንኳ ደህና ነው ያሰኛል። ስለዚህ የደበዘዘ ፎቶ፣ እንስሳው የቱንም ያህል ቢታወቅ፣ ከማመሳከሩ በፊት ይውጣ። ማመሳከሩንም ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይሥሩት፤ ያልተስማሙበትን ሦስተኛ ሰው ይየው።