ሌሊት የሚሠራ ቅርፊት

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ብሎኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቀውም። ፈተና ደርሷል፣ ዶርም ውስጥ ሁሉም ተኝቷል፣ እኔ ግን ደብተሬን ከፍቼ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አያለሁ። ገጹ የዶሮ እንቁላል በእናቱ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ነው። የዘንድሮው የዶሮ እርባታ ኮርስ ይዞኛል።

አስኳሉ ከዶሮዋ የእንቁላል ማፍሪያ (ኦቫሪ) ከተለቀቀ በኋላ እንቁላሉ እስኪጣል ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል። ነጩን ለመልበስ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ስስ ሽፋኖቹ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣሉ። የቀረው ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ግን የቅርፊቱ ነው። ሰብረን የምንጥለው ነገር ረጅሙን ሰዓት መውሰዱ እስካሁን ይገርመኛል።

ያውም በአብዛኛው ሌሊት ነው የሚሠራው። ዶሮዋ ቆጥ ላይ ወጥታ፣ አንድ ጥሬ ሳትለቅም። ለአንድ ቅርፊት 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ያስፈልጋል። ደሟ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። መምህራችን «ለካልሲየም ብላችሁ መኖዋ ውስጥ የምትጨምሩትን የኖራ ድንጋይ ሁሉንም አታድቅቁት» የሚለን ለዚህ ነው። ሻካራው ጠጠር ጡንቻማው ጨጓራዋ ውስጥ ይቆይና ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሟሟል። እሱ ሲያልቅ ደግሞ ጎደሎውን ከአጥንቷ ትሞላለች።

ይህን ማንበብና ማየት ለየቅል ናቸው። ባለፈው ቤተ ሙከራ ውስጥ ለቁመታቸው የተሰነጠቁ ሁለት የጭን አጥንቶች ቀረቡልን። የአውራ ዶሮው መቅኔ ሲጠረግ ውስጡ ክፍት፣ ግድግዳው ልሙጥ ነው። የእንቁላል ጣይዋ ግን ከዳር እስከ ዳር ጥቃቅን የአጥንት ስንጣሪዎች ተሰግስገውበታል። በመርፌ ጫፍ ነካ ሳደርገው ተፈረፈረ። የመቅኔ አጥንት የሚባለው ይሄ ነው። ቄቧ መጣል ልትጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራት ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀሰቅሰዋል። ክብደት ለመሸከም ብዙም አይረዳም፤ የካልሲየም ጎተራዋ ነው። ሌሊት ይጎድላል፣ ቀን ይሞላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የቅሪተ አካል ተመራማሪዋ ሜሪ ሽዋይትዘርና ባልደረቦቿ 68 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ የቲራኖሳውረስ ሬክስ (የግዙፉ ሥጋ በል ዳይኖሰር) የጭን አጥንት ውስጥ ይህንኑ የመቅኔ አጥንት የሚመስል ነገር ማግኘታቸውን ጽፈዋል። እንቁላል ልትጥል የነበረች እናት ሳትሆን አትቀርም አሉ። ያን የሚያህል ፍጡርና የጓሮ ዶሮ! ይህችን ወፍ «ዶሮ ነች እኮ» ብሎ የሚያልፋትን ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል።

ግን ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝ ሂሳቡ ነው። የዶሮ ቅድመ አያት የምትባለው ቀይዋ የጫካ ዶሮ በዓመት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ያህል እንቁላል ትጥላለች። የዛሬዋ የእርባታ ጣይ 300 ትሻገራለች። 300 ቅርፊት በ2 ግራም ሲባዛ 600 ግራም ነው። በአካሏ ያለው ካልሲየም ግን በጠቅላላው 20 ግራም ቢሆን ነው። የአካሏን ሠላሳ እጥፍ በዓመት ታወጣለች ማለት ነው።

ክፍያም አለው። በምትጥልበት ጊዜ አዲስ የሚገነባው በዋናነት የመቅኔው አጥንት ስለሆነ፣ ሸክሙን የሚችለው ጠንካራው አጥንት ሲሸረሸር በቅጡ አይተካም። እየሳሳ ይሄዳል። የደረት አጥንታቸው የተሰበረ ጣዮች በየእርባታው ብዙ ናቸው። እንቁላሏን ስታቆም ነው አጥንቷ መልሶ የሚያገግመው።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነገ ተመርቄ «እንቁላል ጨምሪልን» የምባል ሰው ነኝ። የሚጠይቁትም አልተሳሳቱም፤ ርካሽ ፕሮቲን ለልጆች ትልቅ ነገር ነው። አብራኝ የምታጠናው ልጅ «መፍትሔው ዝርያ ማሻሻል ነው» ትለኛለች። የአጥንት ጥንካሬ በዘር ስለሚወረስ መርጦ ማራባት ይቻላል። እውነቷን ነው። ሙያውን የምወደውም እንዲህ ያለ በር ስላለው ነው።

ሆኖም ዝርያ አሻሻዮቹ አሁን እስከ 100 ሳምንት ዕድሜዋ 500 እንቁላል የምትጥል ዶሮ ላይ እየሠሩ ነው። አጥንተ ጠንካራዋን ዶሮ ብናገኝ፣ ጥንካሬውን ለራሷ እንተውላት ይሆን? ወይስ እሱንም ወደ እንቁላል እንቀይረዋለን?