ሦስቱ በአንድ መስመር እንዳይውሉ

ምነው እኔ ባገኘሁት እያልሁ የምቀናበት አንድ ቲዮረም አለ። ጣሊያናዊው ቤኒያሚኖ ሴግሬ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመው ነው። ነገሩ በውሱን ፊልድ፣ ማለትም መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል በሚቻልበት ግን ቁጥሮቹ ተቆጥረው በሚያልቁ ሥርዓት ላይ ስለተሠራ ፕሮጀክቲቭ ጠለል ነው፤ ነጥቦቹም መስመሮቹም ተቆጥረው የሚያልቁበት፣ ትይዩ መስመሮች ሳይቀሩ የሚገናኙበት ጠለል። አንድ መስመር የያዘውን ያህል ነጥብ ምረጡ፤ ሦስቱ ግን በአንድ መስመር ላይ አይዋሉ። ይህ ስብስብ ኦቫል ይባላል። የፊልዱ መጠን፣ ማለትም የቁጥሮቹ ብዛት፣ ኢተጋማሽ ከሆነ እንዲህ ያለው ስብስብ ሁሉ ኮኒክ ነው፤ ማለትም የአንድ የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ መፍትሔ። እኩልታ ያነሳ ሰው የለም፤ የተጠየቀው ቆጠራ ብቻ ነበር!

ደሴ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰውን ከቤት ያስቀራል። እኔም ባለ 5ቱን ጠለል፣ ፊልዱ ከ0 እስከ 4 ያሉትን 5 ቁጥሮች ብቻ የያዘውን፣ በካሬ ወረቀት ላይ አወጣሁት። በ5 ረድፍ 25 ነጥብ፣ ከዳር ደግሞ ትይዩ መስመሮች የሚገናኙባቸው 6፤ በድምሩ 31። ከዚያ የእያንዳንዱን ቁጥር ካሬ ለ5 እያካፈልሁ በቀሪው ቦታ ምልክት አደረግሁ፦ 0፣ 1፣ 4፣ 4፣ 1። ከዳር ካሉት አንዱ ሲጨመር 6 ሆኑ። አከራዬ ቡና ይዘው ሲገቡ ወረቀቱን አዩት።

«ጀባ፣ ልጄ። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሽምብራ የተበተነበት ይመስላል።»

«ፓራቦላ ነው፣ እማማ።»

«ካልህ ይሁን» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ለዓይን ምንም ጥምዝ የለውም።

ከኦቫሉ አንዱን ነጥብ ብንይዝ 6 መስመሮች ያልፉበታል። 5ቱ ወደ ሌሎቹ 5 ነጥቦች ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላ ሳይነካ ያልፋል። ሴግሬ የሙጥኝ ያለው እነዚህን ነኪ መስመሮች ነው። ዜሮ ያልሆኑት የፊልዱ ቁጥሮች ሁሉ ሲባዙ ኔጌቲቭ 1 ይሰጣሉ፦ 1×2×3×4 24 ነው፤ ለ5 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ 4 ደግሞ እዚያ ኔጌቲቭ 1 ነው። ማረጋገጫው የተንጠለጠለው በዚህች ምልክት ላይ ነው። መጠኑ ተጋማሽ ሲሆን ኔጌቲቭ 1 እና 1 አንድ ይሆናሉና ምልክቷ ትጠፋለች፤ ቲዮረሙም አብሯት ይሄዳል።

ኦቫል ሁሉ ኮኒክ ነው የሚለው ግምት ቀድሞ የሁለት ፊንላንዳውያን፣ የያርኔፌልትና የኩስታንሄይሞ ነበር። አሜሪካዊው የሂሳብ ሊቅ ማርሻል ሆል ግን አልመሰለውም። በኋላ ጥርጣሬው ሴግሬን ለሥራው ሳያነሳሳው እንዳልቀረ ራሱ ጽፏል። እንዲህ ያለ ተጠራጣሪ አይጥፋ።

የምቀናው በሴግሬ ቢሆንም የሚያመሸኝ ግን ተጋማሹ ነው። እዚያ የኦቫሉ ነኪ መስመሮች ሁሉ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ ያንን ነጥብ ብንጨምረውም ሦስቱ በአንድ መስመር አይውሉም። ባለ 8ቱ ጠለል ላይ ከኮኒኩ 9 ነጥቦች አንዱን አውጥተን እሱን እንተካ። 8ቱ የድሮዎቹ ናቸው። ኮኒክን ለመወሰን 5 ነጥብ ስለሚበቃ፣ አዲሱ ኮኒክ ቢሆን ኖሮ ከድሮው ጋር አንድ በሆነ ነበር። ስለዚህ ኦቫል ነው፤ ኮኒክ ግን አይደለም። በ1958 ሉኔሊና ሼ በኮምፒውተር ፈልገው ባለ 16ቱ ላይ፣ ኮኒክ ላይ አንድ ነጥብ በመጨመር የማይገኝ ባለ 18 ነጥብ ስብስብ አገኙ። የእነዚህ ስብስቦች ዝርዝር ዛሬም አልተዘጋም።

ባለ 8ቱን ለማውጣት ለ8 አካፍሎ ቀሪ መያዝ አይሠራም፤ መጀመሪያ የፊልዱን የማባዣ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የነገ ማታ ሥራዬ እሱ ነው።