የመድፍ ሠሪው ግንብ

ከእንግሊዟ ኒውካስል ወደ ሰሜን የሚሄደው አውቶቡስ ባምብራ ሲያወርደኝ፣ ከመንደሩ ቀድሞ ዓይኔን የያዘው ግንቡ ነው። ጥቁር አለት ላይ ጉብ ብሏል፤ ከሥሩ አሸዋ፣ ከዚያ ወዲያ የሰሜን ባሕር። ነፋሱ ጋቢ ያስመኛል።

አስጎብኚያችን በዕድሜ የገፉ የአካባቢው ሴት ነበሩ። ከቅዱስ ኤይዳን ቤተ ክርስቲያን ጀመርን። ጻድቁ በ651 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ያረፈው እዚሁ ነው። ግቢው ውስጥ የመብራት ማማ ጠባቂ ልጅ የነበረችው ግሬስ ዳርሊንግ ተቀብራለች። በ1838 አንድ መርከብ ፋርን ደሴቶች ላይ ተሰብሮ ሰው ሲያልቅ፣ የ22 ዓመቷ ልጅ ከአባቷ ጋር በዚያ ማዕበል ቀዝፋ ወጣች። ዘጠኝ ነፍስ ተረፈ። እሷ ግን በ26 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። መታሰቢያዋ የቆመው መርከበኞች ከባሕር ላይ ሆነው እንዲያዩት ታስቦ ነው። እዚያ ብዙ ቆየሁ።

ግንቡ ላይ ስንወጣ ሴትዮዋ የ1464ቱን ከበባ አነሱ። የንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ጦር መድፎቹን ደገነ፤ ቅጥሩ ተናደ፤ ድንጋዩ እየተፈነጠረ ባሕር ገባ። በእንግሊዝ በመድፍ የተረታ የመጀመሪያው ግንብ ይህ ነው ይባላል። መድፎቹ ስም ነበራቸው፦ «ኒውካስል»፣ «ለንደን»። ይህን ስሰማ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ትዝ አለኝ።

ትልቁ አዳራሽ ስንደርስ ደግሞ፣ ግንቡን በ1894 ገዝቶ ያሳደሰው ሎርድ አርምስትሮንግ መሆኑን ነገሩን። የኒውካስሉ መድፍ ሠሪ! ልቤ ዘለለ። በ1868 የናፒየር ጦር ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ ነበር፤ ዝሆኖቹ ላይ ተጭነው ዳገቱን የወጡት፣ መቅደላንም የደበደቡት የአርምስትሮንግ መድፎች ናቸው። የተወለወለውን የእንጨት ጣሪያ እያየሁ፣ አፄ ቴዎድሮስ ያን ሁሉ ሕዝብ አሰልፈው ሴባስቶፖልን ከጋፋት እየጎተቱ ሲሄዱ ታዩኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ለአስጎብኚዋ ነገርኳቸው።

አላቋረጡኝም። ሌሎቹ ጎብኚዎች ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ እሳቸው ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡና የቦታውን ስም ፊደል በፊደል እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ጻፉት።

«ያ የንጉሡ መድፍ አሁን የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«እዚያው ነው፤ መቅደላ አናት ላይ» አልኳቸው።

እሱንም ጻፉት።