ጠባብ ከተማ ውስጥ ትልቅ መኪና አትቀበሉ፤ በነጻም ቢሆን

ከጎንደር ተነስታችሁ ልጅ ወይም እህት ልትጠይቁ ጣሊያን የምትሄዱና እዚያ መኪና ለመከራየት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እህቴ የምትኖረው ፔሩጃ ነው። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት በባቡርና በአውቶብስ ላንከራትታት አልፈለግኩም፤ አሲዚንና ኦርቪዬቶን በመኪና ልናሳያት ተስማማን። ወረቀቱ ብዙ አላስቸገረም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወጣ መንጃ ፈቃድ እዚያ የሚሠራው ከዓለም አቀፍ ፈቃድ ወይም ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር ነው፤ ትርጉሙን እህቴ አስጨረሰችልኝ። መያዣው በክሬዲት ካርድ ስለሆነ ውሉ በእሷ ስም ሆኖ እኔ ሁለተኛ ሹፌር ሆኜ ገባሁ።

መኪናውን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ፤ ፊያት ፓንዳ፣ ማኑዋል። ፒያሳ ቡና ላይ ያማከርኳቸው ሁሉ «አገሩ ኮረብታ ነው፣ ከፍ ያለ መኪና ያዝ» ብለውኝ ነበር። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን ስወጣና ስወርድ የኖርኩ ሹፌር ነኝ፤ እዚያ ጉልበትና ከፍታ ያስፈልጋል። የጣሊያን ኮረብታ ከተሞች ግን እስከ ቅጥሩ በር ድረስ አስፋልታቸው ጥሩ ነው። ፈተናው ከበሩ ወዲያ ነው፤ መንገዱ ለእግረኛና ለበቅሎ የተሠራ፣ ግራ ቀኙ የድንጋይ ግድግዳ። ስለዚህ የሚታየው ወርድ ነው። የፓንዳ ወርድ 1.64 ሜትር ገደማ ሲሆን ብዙዎቹ ኤስዩቪዎች 1.85 አካባቢ ይደርሳሉ፤ ያውም ስፖኪዮው ሳይቆጠር።

ወረፋችን ሲደርስ የኪራይ ድርጅቱ ሠራተኛ «ፓንዳ አልቋል፤ ዕድለኞች ናችሁ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትልቅ እንሰጣችኋለን» አለ። «ትንሽ ነው የያዝነው በይው» አልኳት እህቴን። ውሉ ላይ «ወይም ተመሳሳይ» የሚለውን በጣቱ አሳየን። እውነት ነው፣ የሚያዘው ደረጃው እንጂ ሞዴሉ አይደለም። ግን ሁለት ደረጃ ዘልሎ የመጣ መኪና በምን በኩል ነው ተመሳሳይ የሚሆነው? ስንከራከር ቀና ብሎ አላየንም፤ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ለመሸጥ ግን ጊዜ ነበረው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያደርንበት ቤት አንዲት ትንሽ ከተማ ቅጥር ውስጥ ነበር፤ ባለቤቷ ታርጋችንን አስመዝግባ መግቢያ ተፈቅዶልናል። ስልኩ ወደ ግራ ታጠፍ አለኝ፣ ታጠፍኩ። መንገዱ እየጠበበ ሄደ። ስፖኪዮዎቹን አጠፍኩ። የጥጉ ድንጋይ ላይ ከእኛ በፊት ያለፉ መኪናዎች የተዉት ነጭና ቀይ ቀለም ተጋግሮበታል። ሴንሰሩ ያለማቋረጥ ይጮሃል። እማዬ «ልጄ፣ እኔን አውርደኝና እለፍ» አለች፤ በሩ የሚከፈትበት ቦታ የለም። ከኋላችን የዳቦ መኪና መጥቶ ቆመ። እህቴ በሻንጣው በኩል ወጥታ የዳቦ መኪናውን ለምና አስመለሰችው፤ እኔም በእሷ እጅ ምልክት እየተመራሁ ዳገቱን ወደ ኋላ ወጣሁት። እማዬ እስክንወጣ ድረስ «ጊዮርጊስ፣ ጊዮርጊስ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። በቀኝ በኩል ሁለቱን በሮች የያዘ ጭረት ቀረ። ድርጅቱ የጭረቱን ዋጋ ከመያዣው ላይ ቆረጠ፣ የጉዳይ ማስፈጸሚያ ብሎም ጨመረበት። ፓንዳ ቢሰጠን ኖሮ ያንን ጥግ እናልፈው ነበር።

ስለዚህ ትልቅ ሲሰጧችሁ እምቢ በሉ። ትንሽ መኪና እስኪመለስ ጠብቁ፣ ግማሽ ቀን ቢፈጅም። «ለዳገት አውቶማቲክ ይሻላል» የሚሉትንም አልቀበልም፤ በእጅ ፍሬንና በክላች ዳገት ላይ መነሳት ለጎንደር ሹፌር የዕለት ሥራ ነው፣ ኪራዩም ይረክሳል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መኪናውን ከቅጥር ውጭ ማቆም ነው። ኦርቪዬቶ ባቡር ጣቢያው ጋ አቁማችሁ በገመድ ባቡር ትወጣላችሁ። ፔሩጃ ከፒያሳ ፓርቲጃኒ በተንቀሳቃሽ ደረጃ በሮካ ፓኦሊና ውስጥ አልፋችሁ መሃል ከተማ ትደርሳላችሁ፤ እማዬ ጉልበቷ ሳይሰማት ወጣች። የመኪና ማቆሚያው መስመር ነጭ ከሆነ ነጻ ነው፣ ሰማያዊ ይከፈልበታል፣ ቢጫውን አትንኩ።

ቀይ ክብ ያለው ነጭ ምልክት ስታዩ ያለ ፈቃድ አትግቡ፤ ካሜራው ታርጋ ያነሳል። የቅጣቱ ደብዳቤ በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ ከተከፈለ 30 በመቶ ይቀነሳል። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ደብዳቤው እስከ 360 ቀን ድረስ ሊላክ ይችላል፤ ውሉ በልጅ ወይም በእህት ስም ከሆነ ግን የሚንኳኳው የእነሱ በር ስለሆነ፣ የት የት እንደገባችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ንገሯቸው።